የ2018 ስልክ

በደብረ ታቦር ገበያ ጥግ ያገለገሉ ስልኮችን የሚሸጠው ፈይሰል ውሸት አይወድም። ስለዚህ አይዋሽም፤ ወረቀት ይለጥፋል።

መጀመሪያ የሚለጥፈው የስልኩን የአንድሮይድ ሲስተም ቁጥር ነበር፤ «ሲስተም 9»፣ «ሲስተም 12» እያለ። ገበሬው ግን ዘጠኙን ሲያይ «ዘጠኝ ወር ነው የሚሠራ?» እያለ ያደርቀዋል። ቁጥሩን ትቶ ሲስተሙ የወጣበትን ዓመት መለጠፍ ጀመረ። ዓመት ማንም ያውቃል። አንዱ ላይ፣ ስልኩ ራሱ እንደሚያሳየው፣ «2018» ብሎ ለጠፈ። የፈረንጅ መሆኑን አልጻፈም፤ ወረቀቷ ትንሽ ነበረች። ስልኩ ውሎ ሳያድር ተሸጠ። ዘንድሮ በእኛ 2018 መሆኑ ትዝ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ትዝ ካለው በኋላም ወረቀቷን አላሰፋትም።

ሚስቱ ሀናን፣ «የፈረንጅ ብለህ ብትጨምርበት ምን አለ?» አለችው።

«ያልጠየቁኝን ምን አስለፈለፈኝ?»

«ቢጠይቁህስ?»

«እነግራቸዋለኋ።»

የጠየቀው ማንም አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ግን ከጉና ተራራ ግርጌ እማማ አሰለፈች መጡ። ያን «2018» የተለጠፈበትን ስልክ የገዙት ቤይሩት ያለችውን ልጃቸውን ዝናሽን በቪዲዮ ለማየት ነበር። ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቷል። እሳቸው ስልኩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው አወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አበላሸሁብህ።»

«ምን ሆነ እማማ?»

«እኔንጃ። የጤና ኬላዋ ሴትዮ ስታነብልኝ ሲስተሙ አርጅቷል፣ ቪዲዮ አይደውልም ይላል አለችኝ። ብርዱ ይሆን? የእኛ አገር ብርድ እንኳን ስልክ ሰውም ያስረጃል። በጋቢ ጠቅልዬ ነበር የማሳድረው። የዝናሽ ድምጿ ብቻ ይመጣል። ከስታለች ይሉኛል፤ ላያት አልቻልሁም።»

ፈይሰል ስልኩን ተቀብሎ የሚመረምር መሰለ። ወረቀቷ ከጀርባው አለች፤ እንዳትነሳ እማማ አሰለፈች በፕላስተር አጣብቀውባታል።

ሌላ ስልክ ይዞ ዋጋ ሲከራከር የነበረ አዳነ የሚባል የእብናት ከብት ነጋዴ አንገቱን አሰገገ። «የስንት ዓመተ ምሕረት ነው እሱ?»

«የዘንድሮ ነው እንጂ» አሉ እማማ፣ ለፈይሰል ደርበው። «ዓመቱ እንኳ ሳይወጣ እንዴት ያረጃል? እኔው ነኝ።»

ፈይሰል ከስልኩ ቀና አለ። ሀናን ከመደርደሪያው ሥር ታየዋለች።

«የፈረንጅ 2018 ነው፣ እማማ» አለ።

«እሱ መቼ ነው?»

«ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው።»

አዳነ የያዘውን ስልክ ገልብጦ ወረቀቱን አየና ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው። «እኔ ወይፈን ስገዛ ጥርሱን ከፍቼ ነው የማየው። የዚህ ጥርሱ በየት ነው?» ሰው ሳቀ።

እማማ አሰለፈች አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው።

«እፎይ። እንግዲያ እኔ አይደለሁማ ያበላሸሁት።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ካለው ሁሉ የተሻለውን ስልክ አወረደ፤ ሲም ካርዳቸውን አዛወረ፤ ደወለ። ዝናሽ ብቅ አለች። እውነትም ከስታለች። እናትና ልጅ ተያይተው ትንሽ ተላቀሱ። ከዚያ እማማ ስልኩን ወደ ፈይሰል አዞሩት።

«ይኸውልሽ፣ ይህ ነው ያገናኘን። ሌላ ቢሆን በእኔ ያላክክ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልን ወንድሜ» አለች ዝናሽ። «ፊትህን አሳየኝ እንጂ፣ ምነው አቀረቀርህ?»

ፈይሰል ብሎን እንደጠፋበት ሰው ከባንኮኒው ሥር ገባ።

«ምን ወደቀብህ?» አለችው ሀናን ከላይ።