በጥር የገባችው መርከብ

በሙት አባቱ ስም የሚዋሽ ሰው አባቱን ዳግመኛ ይገድለዋል፤ እርሱም ከቅጣት አያመልጥም። በ1987 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

"አክስቴ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው" አለ በረከት፣ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ የአባንግን ክንድ አጥብቆ ይዞ። "ወንድሜ ቤቱን ገዝቷል በይ፤ በቃ።"

"አባትህ በረኛ ነበር።"

"የበረኛ ልጅ ባለቤት ቢሆን ማን ይሞታል?"

"ሕመምተኞቹ" አለችው።

አባንግ በባሮ ዳር ባለው አሮጌ ክሊኒክ ቁስል አጣቢ ናት። በረከትን ወላጆቹ ሲሞቱበት እንደ ልጇ ተቀብላ፣ ገና በአምስት ዓመቱ ወደ ጎሬ ለትምህርት የላከችው እርሷ ናት። በአዲሱ ክልል ሹም ሆኖ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ለክርክር የቀረበው ክሊኒኩ ራሱ ነው፤ በረከት የአባቴ ነበርና በውርስ ይገባኛል ይላል። የጋምቤላ ወደብ በእንግሊዞች እጅ ሳለ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ለድሆች ሕሙማን አሠሩት። ከደጋ ቡና ተሸክመው የሚወርዱ ሰዎች በወባ ሲወድቁ፣ ጭነቱን ያሸከሟቸው እነዚያው ነጋዴዎች አልጋ ሰጧቸው። ምጽዋታቸው ግፋቸውን አይሽርም፤ ሆኖም አልጋው አልጋ ነበር። በደርግ ዘመን የእህል መጋዘን ሆኖ ከርሞ፣ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ የተመለሰው በቅርቡ ነው። በዚያ ቀን አሥራ አንድ ሕሙማን ተኝተውበት ነበር፤ አንዷ ኛሙዎች የምትባል፣ የሦስት ቀን መንገድ በቃሬዛ መጥታ ሌሊቱን የወለደች ሴት ናት። በረከት ከረታ ሁሉም በማግሥቱ ይወጣሉ።

ዳኛ እንየው፣ ከነጋዴዎቹ አንዱ የነበረ ፈረንጅ ጽፎታል የተባለውን የሽያጭ ውል ከፍ ባለ ድምፅ አነበበ፦ "ጥር 12 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ ከካርቱም በመርከብ ጋምቤላ በገባሁበት ዕለት፣ ቤቴን ለታማኙ በረኛዬ ሸጥሁለት።" ከዚያም ወደ አባንግ ዞረ። "እናቴ፣ ይህን ሽያጭ ያውቃሉ?"

አባንግ ስሕተቱ ወዲያው ገባት። ዳኛው የደጋ ሰው ነው፤ ዝም ብትል አይደርስበትም። በረከት በልጅነቱ እንደሚያደርገው ፈገግ አለላት።

"ክቡር ዳኛ፣ እኔ አማርኛ ብዙ አላውቅም፤ ባሮን ግን አውቃለሁ" አለች። "መርከብ የሚመጣ በክረምት ነው፣ ወንዝ ሲሞላ። ጥር ላይ ውሃው እስከ ጉልበት ነው። ያ ፈረንጅ መርከቡን ተሸክሞ መጣ?"

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ።

"አርጅታለች!" ሲል ጮኸ በረከት። "ወራቱን ትቀላቅላለች!"

ዳኛው በመስኮቱ ወደ ባሮ ተመለከተ። ወሩ የካቲት ነበር፤ ሴቶች በወንዙ መካከል ቆመው ልብስ ያጥባሉ። ውሉን አንሥቶ ለአባንግ ዘረጋላት።

"ጽሕፈቱንስ ያውቁታል?"

በረከት አላውቅም እንድትል ራሱን ነቀነቀላት። "አክስቴ፣ እባክሽ" አለ፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ በቀስታ።

ከጎሬ ይልክላት የነበረውን ደብዳቤ ሁሉ በሣጥን አኑራለች። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"አውቀዋለሁ" አለች። "የልጄ ነው።"

በረከት በሐሰተኛ ሰነድ ፈጣሪነት የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከሹመቱም ተሻረ።