የናታቅ ድንኳን ድንጋዮች

ኡላዩክን ማንም አልጠየቃትም። አርጅታለች፣ ፊደል አልቆጠረችም፣ የድሮ ወሬዋ ግማሹ ተረት ነው ብለው ትተዋታል። በሞተር ጀልባ ወደ ወሽመጡ ያመጧትም ለአንድ ካፒቴን መታሰቢያ የቆመው ሐውልት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለዚያውም ለምረቃው እንግዶች አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሥጋ እንድትቆራርጥ።

ወሽመጡን የአገሩ ሰው «ጥጋብ» ይለዋል። ካርታው ግን «የረኃብ ወሽመጥ» ነው የሚለው። እንዲህ ብሎ የጻፈው መርከቡ በበረዶ ተይዞበት እዚያ የከረመ የባሕር ማዶ ካፒቴን ነው። አቆስጣው ከአፍንጫው ሥር ብቅ እያለ ሲተነፍስ ማደን አቅቶት የተራበው እሱ፣ ስሙ የጠፋው አገሩ። የኡላዩክ አያት ናታቅ ድንኳኑ አስገብቶ ባያበላው ኖሮ አጥንቱም አይገኝም ነበር።

ቢላዋዋን እንደያዘች ወደ ዳርቻው ወረደች። የድንኳኑን ጠርዝ ተጭነው ይይዙ የነበሩት ድንጋዮች የሉም። ቤተሰቡ በየዓመቱ እየተመለሰ ይተክልበት የነበረው፣ እሷም የተወለደችበት ክብ ባዶ ሆኗል። ቀና ስትል ድንጋዮቹ በሲሚንቶ ተለስነው፣ ሐውልት ሆነው የካፒቴኑን ስም ተሸክመዋል።

«ከየት ያነሣችሁት ነው?» አለችው ባልዲ የሚያጥበውን ሠራተኛ።

«የመንደሩ ሊቀመንበር ናቸው ያሳዩን፣ እማማ። እንዲሁ መሬት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነው።»

«ያንተ ቤት ሰማይ ላይ ነው የተተከለው?»

ሊቀመንበሩ ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ ነው። ችግሩ ስሙ ናታቅ መሆኑ ነው። በአገሩ ደንብ የሟች ስም የወጣለት ሕፃን ሟቹ ራሱ ነው፤ ኡላዩክ ከተወለደ ጀምሮ «አያቴ» ትለዋለች። አያት ደግሞ አይሰደብም። ሐውልቱ ሥር ስታገኘው ምላሷ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጠችው።

«አያቴ፣ ቤትዎን አፈረሱት።»

ናታቅ ሳቀ። «የቱን ቤት፣ የልጅ ልጄ? እኔ ከተማ ያደግሁ ሰው፣ ድንጋይ መስሎኝ ነዋ።»

«ያንን ሰውዬ ያበሉት እዚያ ውስጥ ነው። አሁን በገዛ ድንጋይዎ ላይ ቆሞ አገርዎን ረኃብተኛ ይላል።»

«እንግዶቹ ነገ ይገባሉ። እነሱን እንሸኝና እናያለን።»

ቢላዋዋን ጠርጋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች። ሥጋው እንዳለ ተጋድሟል።

«ይህን ስም ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆኑ ዛሬ ጆሮዎ አይተርፍም ነበር። አያቴ ከሆኑ መዶሻ ያንሡ። እንግዶቹ ሳይደርሱ ሐውልቱን በገዛ እጅዎ አፍርሰው የድንኳኑን ክብ ይመልሱልኝ። የቱ ድንጋይ የት እንደነበር ቆሜ አሳይዎታለሁ። ይነሡ።»