የፈጠነች ወፍጮ

ጥዝዝዝ… ቋ! ጥዝዝዝ… ቋ!

ድምፁ ሲመጣ ሚናስ ከባንኮኒው ሥር አጎንብሶ የማጣበቂያ ኮላ ካርቶን ይፈታ ነበር። መጀመሪያ ተርብ መስሎት እጁን ሰበሰበ። ግን የባንኮኒ መስታወት የሚያንቀጠቅጥ ተርብ የት አለ? ቀና ሲል ከጫማ ካርቶን የተሠራች ወፍጮ ቤት መስታወቱ ላይ ተቀምጣለች። ጣሪያዋ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። በጎኗ አውራ ጣት የምታህል ሞተር ትሽከረከራለች። ከወፍጮዋ ጀርባ ደግሞ ዩኒፎርም የለበሰች ቀጭን ልጅ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች።

"ጋሼ፣ ቀበቶዋ ይንሸራተታል" አለች፣ ሰላምታውን ዘላ። "ሁለቴ ይዞርና ይወጣል። ውድድሩ ደግሞ ሦስት ሰዓት ነው።"

ፈጠነች ቦልቴ ናት። ገጠር ቢጠና ተወልዳ፣ ሶዶ ከተማ አክስቷ ቤት ሆና ሰባተኛ ክፍል የምትማር። ሁለት ወር ሙሉ አርብ አርብ ከሱቁ አልጠፋችም። አንድ አርብ ሞተር፣ አንድ አርብ አንድ ክንድ ሽቦ፣ ሌላው አርብ ለማየት ብቻ። ሚናስ የአባቱን ፒንሳ፣ እጀታው ላይ "ሰብስቤ" ተብሎ በምስማር የተጫረበትን፣ ለሰው ያዋሰው ለእሷ ብቻ ነበር። ሚስቱ እንኳ ብትነካው ደስ አይለውም።

"ይኼ ፕላስቲክ ነው፤ አይዝም" አለ ቀበቶውን በጥፍሩ እየሳበ። ከመሳቢያው የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ አወጣና በቀጭኑ ቆርጦ ሰጣት። "በይ ራስሽ አስገቢው።"

አስገባችው። ጥዝዝዝዝዝ። ቋ የሚለው ነገር ጠፋ። ከላይ የጨመረችው ቁንጥር የበቆሎ ዱቄት በታችኛው ቀዳዳ እየረገፈ ወረደ።

"አባዬ ቢያያት!" አለች። አባቷ ቢጠና ላይ የሰው ወፍጮ የሚያንቀሳቅስ ቅጥረኛ ነው። "አንደኛ ከወጣሁ የሚመጣውን ዓመት በነፃ እማራለሁ። ካልወጣሁ ግን አባዬ ሥራ አለ ብሏል።"

"የምን ሥራ?"

"ወፍጮ ነዋ! የእውነቱ።" ሳቀች።

ሚናስም ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ከአፉ ቃል ያመለጠው። "አንደኛ ትወጫለሽ። ዳኛው እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ልጅቷ ወፍጮዋን እንደ ጨቅላ ታቅፋ ባጃጆቹን እየሸሸች ወደ ላይ ወጣች። ዳሞታ ተራራ ጉሙን እንደለበሰ ነው። ሚናስ አንገቱን አስግጎ ከዓይኑ እስክትጠፋ ሲያያት፣ ከኋላው የሚስቱ የቤቲ ድምፅ መጣ።

"ሰምቼሃለሁ።"

"ምን ሰማሽ?"

"ለድሃ ልጅ ዋንጫ ስታድል ሰማሁ። ለእኔስ ምን ልታድለኝ ነው?"

ሚናስ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። አባቱ ሰብስቤ ከጉራጌ አገር መጥተው በዚህችው ሱቅ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ሲሞቱ፣ እሱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ያልመጣለት፣ ጓደኛ የሌለው፣ ጣራ እያየ የሚያስብ ልጅ ነበር። የሬዲዮውን ሬሳ ሁሉ ጠራርጎ ሱቁን በሞዴል መሥሪያ ሞላው። ፎም፣ ጠንካራ ወረቀት፣ ጥፍር የሚያካክሉ ዛፎች፣ የክብሪት እንጨት የሚያካክሉ ሰዎች፣ ሞተር፣ አምፖል። የሶዶ ልጅ ሁሉ የየራሱን ከተማ ሲሠራ ይታየው ነበር። መጀመሪያ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች መጡ። ሁለት ዓመት ቆይተው፣ "አሁንማ ማሽን ነው የሚያትምልን" ብለው ቀሩ። ቀጥሎ ወላጆች መጡ። ወላጆቹ ግን ዕቃ አይገዙም።

"ልጄ ጊዜ የለውም፤ አንተው ሠርተህ ስጠኝ" ነበር የሚሉት።

እምቢ አለ። ቤቲ አኮረፈች። አንድ ሠራ። ከዚያ አሥር ሠራ። ሲሠራም አንድ ዘዴ አበጀ። መምህራን እንዳይጠረጥሩ በእያንዳንዱ ቤት ላይ አንድ መስኮት በከተር ጫፍ ሸርፎ ያጣምማል። የልጅ እጅ እንዲመስል። ወላጆቹ ይህን ሲያዩ "እንዴት ያለ ሰው ነህ!" እያሉ ይመርቁት ነበር።

"ይድነቃቸው ያለህን ረሳኸው?" አለች ቤቲ። አቶ ይድነቃቸው የፈጠነች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። "ከመስከረም ጀምሮ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ያለ ተማሪ የሞዴል ዕቃ ከአንተ ሱቅ ብቻ እንዲገዛ ሊፈርም ነው። የሚፈርመው ደግሞ የወላጅ ኮሚቴው ካመነበት ነው። ኮሚቴው ማን ነው?"

"ሀብታሙ።"

"የሀብታሙን ልጅ ሆቴል የሠራው ማን ነው?"

"እኔ።"

"እንግዲህ ራስህን አሸንፍና ና!" አለችና ሳቀች። "አለዚያ ወንድሜ የሞባይል ሽፋኑን ይዞ እዚህ ሱቅ ይገባል። ያንን የአሻንጉሊት ዛፍህን ሰብስበህ ቤት ትተክለዋለህ።"

ሦስት ሰዓት ላይ ሚናስ "ዳኛ" የሚል ወረቀት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ነበር። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሃያ አንድ ሞዴል ተደርድሯል። ዘጠኙን እንደ ልጆቹ ያውቃቸዋል። ገና ሲያያቸው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠማማዋ መስኮት ነው። ከፊታቸው የቆሙት ልጆች የሞዴሎቹን ስም እንኳ በትክክል አልያዙም። አንዱን፣ "ይኼ ምንድን ነው?" ቢለው፣ "እማዬ ታውቃለች" ብሎ መለሰለት።

ጫፍ ላይ የፈጠነች ወፍጮ ጥዝዝ ትላለች። ግድግዳዋ ቀጥ ያለ ነው። መስኮቶቿ አራቱም እኩል ናቸው። ልጅቷ ሦስት ጊዜ አፍርሳ በአራተኛው ያቆመቻት ናት፤ ሚናስ ያውቃል። የሚገባትን ማርክ ጻፈላትና ወረቀቱን ለይድነቃቸው ሰጠ። ደረቱ ሞቀው። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ልሂድ አለ በልቡ።

ይድነቃቸው ወረቀቱን አየና ፊቱ ጠቆረ። አጠገቡ ለተቀመጡት ለአቶ ሀብታሙ አሳያቸው። አቶ ሀብታሙ ሥራ ተቋራጭ ናቸው፤ የሸሚዛቸው ኪስ ከእስክሪብቶ ጎን ሁልጊዜ ሜትር አያጣም። ተነሥተው ወደ ወፍጮዋ ሄዱና ሜትሩን መዝዘው መስኮቷን ለኩ። አዳራሹ ሳቀ።

"አትሳቁ" አሉ። "እኔ ስንት ግንበኛ አሠርቼ ያሰናበትኩ ሰው ነኝ። የትልቅ ሰው እጅና የልጅ እጅ አይጠፋኝም። እስቲ እንተዛዘብ! አራት መስኮት አንድ ሚሊ እንኳ ሳይበላለጥ የሠራችው ይቺ ናት? የእኔን ልጅ ሆቴል እዩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዱ መስኮት ጠሟል። የልጅ ሥራ እንዲህ ነው፤ ይጠማል!"

ወላጆች አጨበጨቡ። ሚናስ ያቺን መስኮት ያጣመመባት ጣቱ የተነከሰ ያህል ነዘረው።

"ፈጠነች" አለ ይድነቃቸው፣ "ማነው የሠራልሽ?"

"ራሴ ነኝ።"

"ይኼ አጠገብሽ ያለው ፒንሳስ የማነው? ሰብስቤ ይላል።"

"የጋሼ ሚናስ ነው። አዋሱኝ።"

"አሃ!" አለ አዳራሹ ባንድ አፍ። አንዲት እናት፣ "ከገጠር መጥተው ቀድመውን ነቁ እኮ!" አለችና ጎረቤቷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ልጅቷ አልደነገጠችም። ዞር ብላ ሚናስን አየችው። የሚያውቅ ሰው እዚያው ቆሟልና ምን ያስደነግጣታል?

"ሚናስ" አለ ርዕሰ መምህሩ፣ "በቅንነት ንገረን። ይቺን ወፍጮ የሠራኸው አንተ ነህ?"

አይደለሁም ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ቃል። ግን ከቃሏ ኋላ ሌላ ጥያቄ ተሰልፎ እንደቆመ ሚናስ አየው፦ ታዲያ የሌሎቹን ማን ሠራ? ቀና ሲል አቶ ሀብታሙ በፈገግታ ያዩታል። የሚያስፈራራ ፈገግታ አልነበረም፤ አብሮ የበላ ሰው ፈገግታ ነበር። በሩ ላይ ቤቲ ቆማለች። ያልተፈረመው ውል በይድነቃቸው ብብት ሥር ነው።

"ረድቻታለሁ" አለ።

ውሸት አልነበረም። ጧት ቀበቶ ቆርጦ ሰጥቷታል። "ቀበቶውን ብቻ" የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጉሩምሩምታው እስኪያልፍ ልቆይ ብሎ ያዘው። ጉሩምሩምታው ሲያልፍ ጭብጨባ ተተካ። የአቶ ሀብታሙ ልጅ ዋንጫ ተቀበለ፤ "ሆቴሉን ስትሠራ ምን አስቸገረህ?" ሲባልም፣ "ኮላው" ብሎ አሳቃቸው። ፈጠነች እጇን ዘርግታ ሽቦውን ከባትሪው ነቀለች። የወፍጮዋ ድምፅ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ውሉ ተፈርሞ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። ቤቲ ወንበር ላይ ወጥታ "ማንኛውንም የት/ቤት ሞዴል እንሠራለን" የሚል ወረቀት በር ላይ ትለጥፋለች።

"ዛሬ ገና ባል አገባሁ!" አለች ከላይ ሆና። "ስምንት ዓመት ሙሉ ከሕልም ጋር ነበር የኖርኩት።"

"ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ።"

"እኔማ አልወድቅም። የወደቀውስ ወደቀ።"

በእሷ ወንበር ጎን ሾልካ ፈጠነች ገባች። ወፍጮዋን አልያዘችም። ፒንሳውን አውጥታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላ ሞተሩን። ቀጥላ ያንን ቀጭን የጎማ ቀበቶ።

"ሞተሩ እኮ የራስሽ ነው" አለ ሚናስ። "ገዝተሽዋል።"

ቀበቶውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

"ስሚኝ ፈጠነች፤ እኔ ልል የነበረው… እዚያ ቦታ ሰው ሲበዛ…"

"አሳልፊኝማ፣ ሚሚዬ" የሚል ወፍራም ድምፅ አቋረጠው። አቶ ሀብታሙ ናቸው። ከጥሬ ሥጋ ቤት መምጣታቸው ነው፤ አፋቸውን እፍ እፍ ይላሉ። ልጅቷን በትከሻዋ ይዘው ወደ ጎን አደረጓት፤ ፊቷን አላዩም። "ይኼ የሶዶ ዳታ የሚሉት አዋዜ ይገድለኛል አንድ ቀን! ሚናስ፣ የጨዋ ልጅ፣ ባለውለታዬ ነህ። ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣሁት።"

"ይዘዙኝ።"

"ለክልሉ ውድድር የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚፈልጉት አሉ። ሆቴል ደግሞ አይንቀሳቀስም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያቺ ወፍጮ አንጀቴን በልታዋለች። እሷኑ ተለቅ አድርገህ ለልጄ ሥራልኝ። ዱቄትም ትጣል።" ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። "መስኮቷን ግን አደራ፤ አንዷን ጠመም አድርጋት።"

ቤቲ ወንበሩ ላይ እንዳለች እጇን ከወረቀቱ ሳታነሳ ወደ ባሏ ዞረች። ሚናስ መስታወቱ ላይ ያለችውን ሞተር አየ። ከዚያ ልጅቷን አየ። ፈጠነች አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። አንድ እጇን ባንኮኒው ላይ እንዳሳረፈች፣ ጧት ቀበቶውን እስኪቆርጥላት እንደጠበቀችው ዓይነት፣ ትጠብቀዋለች።

ሞተሯን አነሣና በጣቱ አዞራት። ደህና ናት።

"ለመቼ ነው የሚፈልጉት?" አለ።

ፈጠነች እጇን ከመስታወቱ ላይ አነሣች። በቤቲ ወንበር ጎን ተመልሳ ሾልካ ወጣች።