አትነሺ፣ አራስ ነሽ

ወለተ ሚካኤል ልጇን ውባለምን ስማዳ ውስጥ በክፉ ዘመን ወልዳ፣ በሦስተኛው ቀን የሰው ገብስ ልታጭድ ወጥታለች። ሆዷ ባዶ፣ ጡቷም ደረቅ ነበር። ያን ዕለት በእመቤታችን ስም ማለች፤ ይህች ልጅ አድጋ ስትወልድ ጠግባ ትተኛለች እንጂ ከአልጋ አትወርድም።

ውባለም አድጋ ንፋስ መውጫ ላይ ባለሱቅ አገባች። ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ በብስኩትና በለስላሳ ስትፋፋ፣ እናቷ ባየቻት ቁጥር "ተመስገን፣ ተመችቷታል" ትል ነበር። ውባለም ሴት ልጅ የተገላገለች ጊዜማ እናቷ አንድ ቅል ቅቤ ይዛ ከተፍ አለች። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን አጥሚት፣ ማታ ደግሞ ገንፎ። ቅቤው ከገንፎው ጉድጓድ ሞልቶ ካልፈሰሰ ያበላች አይመስላትም።

"እማ፣ ትንሽ ልንቀሳቀስ፤ ወገቤ ደነዘዘ።"

"አትነሺ፣ አራስ ነሽ! ብርድ ይመታሻል።"

በሃያኛው ቀን የውባለም ግራ ባት አብጦ ቀላ። እናቷ ብርድ ነው ብላ ጋቢ ደረበችላት፤ ቅቤውንም ጨመረች። እግዜር ይያት፣ ክፋት አልነበረባትም። ከሦስት ቀን በኋላ ውባለም ደረቷን ይዛ ትንፋሽ አጠራት፤ ባሏ አበባውና እናቷ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። "ውፍረትና ቅባት የበዛበት ምግብ ደም ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል፤ አራስነት ሲጨመርበት ይብሳል። ሳትንቀሳቀስ ስትተኛ እግሯ ውስጥ የረጋው ደም ወደ ሳንባዋ ሄዷል" አለች። ወደ ውባለም ዞራም "ማነው እንዲህ ያስተኛሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

ወለተ ሚካኤል መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ውባለም የኦክስጅኑን ጭንብል ገለጥ አድርጋ "እኔው ነኝ" አለች። "ስንፍና ይዞኝ ነው። እማ ተነሺ ስትለኝ እንቢ አልኋት።"

ሐኪሟ ውባለምን ተቆጣቻት። እናትየው አፏን መክፈት አቃታት። ነገ ለሐኪሟ እውነቱን እነግራታለሁ አለች በልቧ።

መድኃኒቱ ተሰጠ፣ ግን ዘግይቶ ነበር። ውባለም በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

በቀብሩ ዕለት ጎረቤቷ ዓለሚቱ ወለተ ሚካኤልን አቅፋ፣ "አይዞሽ፣ አንቺ ምን አጎደልሽባት?" አለቻት።

"ልነሳ ስትለኝ የከለከልኋት እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች ወለተ ሚካኤል። "ሐኪሟ ፊት ዋሸችልኝ፤ እኔም ዝም አልሁ!"

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠላት። ኀዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግራት ተባባሉና ደግፈው አስቀመጧት። ማንም አላመናትም።