ያዘነበለው ጣዎስ

የእማማ ሱሚራህ ጉልበት የሽመናውን መርገጫ እምቢ ካለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እጃቸው ግን ገና አልደከመም፤ ጄፓራ ከተማ አጠገብ ባለችው መንደራችን ጥለት እንደሳቸው የሚስል የለም። ምራታቸው ዉላን ባታም ደሴት ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ሠርታ ስትመለስ፣ ከተዘጋ ድርጅት አንድ አሮጌ የሽመና ማሽን ገዝታ መጣች።

ማሽኑ ሥዕል አያውቅም። የሚገባው አንድና ዜሮ ብቻ ነው፤ አንድ ሲሰጡት የድሩን ክር ያነሳል፣ ዜሮ ሲሰጡት ይተወዋል። ሥዕልን ወደዚያ የሚለውጠው ፕሮግራም የት እንደገባ የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ ዉላን ራሷ ልትጽፈው ተነሳች። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ሩዙ እስኪበስል እየጠበቀች፣ በሁለት ሳምንት ጨረሰችው።

አማቷ የሳሉትን ጣዎስ ፎቶ አነሳችና ወርዱን ለአንድ ጥለት በሚውሉት ክሮች ልክ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት ነጥብ አደረገችው። ፕሮግራሙ ጥቁሩን ነጥብ አንድ፣ ነጩን ዜሮ እያለ ጻፈ። ማሽኑ ተነሳ።

ጨርቁን ዘርግተው ሲያዩት ጣዎሱ ነፋስ እንደገፋው ሸንኮራ አገዳ ተንጋዷል፤ ጭራው በአንዱ ጠርዝ ተቆርጦ በሌላው ብቅ ብሏል። ዉላን ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ምንም ስህተት አላገኘችም። አማቷ ይስቁብኛል ብላ ስትጠብቅ፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በጥፍራቸው ክር ይቆጥሩ ጀመር።

«ይሄ ስህተት ሥርዓት አለው» አሉ። «በየማጉ ሁለት ክር ይሸሻል። አንድም አይል፣ ሦስትም አይል። በየመስመሩ መጨረሻ ሁለት ክር የሚጨምርብሽ አለ።»

«ማን ይጨምራል እማማ? ቤት ያለነው እኔና እርስዎ ነን።»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ዉላን የሥዕሉን ፋይል ከፍታ አየችና ገባት። ፋይሉ የእያንዳንዱን መስመር ነጥቦች የሚያስቀምጠው አራት አራት እያደረገ ነው። ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት ለአራት ስለማይካፈል በየመስመሩ ጫፍ ሁለት ባዶ መሙያ ያክላል፤ ፕሮግራሟም መሙያውን እንደ ክር ይቆጥረው ነበር። መሙያውን ዝለል የሚል አንድ መስመር ጨመረች። ከሰዓት በኋላ ጣዎሱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እማማ ሱሚራህ ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቁ። ዉላን ሁለት ድግግሞሽ እንዳለ፣ የውጪው መስመር በመስመር እንደሚሄድ፣ የውስጡ ደግሞ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ነጥብ በነጥብ እንደሚያልፍ አስረዳቻቸው።

«እንዲህ በይኛ» አሉ። «የውጪው ማግ ነው፣ የውስጡ ድር። ይሄን ለመማር ነው ባታም ድረስ የሄድሽው?»

ዉላን እየሳቀች ከአኩሪ አተር የተሠራ የተጠበሰ ቴምፔ አቀረበችላቸው። በአንድ እጃቸው እየጎረሱ፣ በሌላው ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ጣዎሶች መሳል ጀመሩ።