ያልተጠየቁት

«ስምንት» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«እናትህ የኳስ ቡድን ልታቋቁም ነበር እንዴ?» አለው ጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው።

መምህርቷ ስምንትን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። እናቶቻቸው ስንት ስንት ልጅ እንደወለዱ ጠይቃ፣ የሁሉንም ደምራ ብታካፍለው አምስት ሊሞላ ምንም አልቀረው። «እንግዲህ የከተማችን ሴት በአማካይ አምስት ልጅ ትወልዳለች ማለት ነው፣ አይደል?» አለች ኮስተር ብላ። «አዎ» አሉ በአንድ ድምፅ።

ልቧ ግን ሰሌዳው ላይ አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠዋት ኮሪደር ላይ አግኝቷት፣ ይሄ በቁጥር ማስረጃ ማሰብን የምታስተምርበት ኮርስ ከእንግዲህ እንደማይሰጥ ነግሯታል። ተማሪው አልወደደውም፤ ተጠንቷል፤ አለቀ። ለተማሪዎቹም ራሱ መጥቶ ሊነግራቸው ነው። ስንት ዓመት የለፋችበት ነገር እንዲህ በቁሙ ሊቀበር መሆኑ አንገብግቧታል።

«የኔ አክስት ልጅ የላትም» አለች መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው ልጅ። ሳትሟገት የምታሳልፈው ነገር ስለሌለ ጓደኞቿ «ጠበቃዋ» ይሏታል። «ልጅ ከሌላት ደግሞ እዚህ ክፍል ማን መጥቶ ያስቆጥራታል? ልጅ የሌላቸው ሴቶች በሙሉ ቀርተዋል እኮ።»

መምህርቷ ደስ አላት። ጠመኔውን ልታቀብላት ስትል በሩ ተንኳኳ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ክራቫቱን እየነካካ፣ አቀርቅሮ፣ ነገሩን በአጭሩ ተናገረ። ከተጠየቁት ተማሪዎች ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት ኮርሱን አንፈልግም ብለዋል።

ጠበቃዋ እጇን አወጣች። «ይቅርታ ዶክተር፣ የትኞቹን ተማሪዎች ነው የጠየቃችሁት?»

«ሬጅስትራር መስኮት ላይ ያገኘናቸውን ነዋ። ኮርሱን ሊያቋርጡ የመጡትን…» ተናግሮ ሳይጨርስ ለራሱም ገባው። ከኋላ አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው፤ ሳቅ ደግሞ ይጋባል፣ ኃላፊውም ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ብላ መምህርቷ ተሽቀዳደመች። «በሉ እዚሁ እንየው። ኮርሱ ይቀጥል የምትሉ እጅ አውጡ።» ክፍሉ የእጅ ጫካ ሆነ። የጠበቃዋ እጅ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«አንቺስ?» አለቻት መምህርቷ ቅር ብሏት።

«እኔማ እወደዋለሁ። ግን ቲቸር፣ የጠሉት ሄደዋል፤ እዚህ የቀረነው የወደድነው ነን። እኛን ብቻ ጠይቀን ብንወስን ያው እንደሳቸው መሆን አይደለም?»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። መምህርቷ ፊቷ ጋለ። ይቺ ልጅ ጉድ ሠራችኝ አለች በሆዷ፤ ሆኖም ኩራቱ ከሐፍረቱ በለጠና ሳቋ አመለጣት።

ኃላፊው ወደ በሩ አልተመለሰም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊት ተቀመጠ። «እሺ» አለ ጠበቃዋን እያየ፣ «ታዲያ ማንን እንጠይቅ?»

ጠበቃዋ ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። መምህርቷ ቦታውን ለቀቀችላትና ከኃላፊው ጎን ተቀመጠች።

«እስክሪብቶ ይያዙ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ልጅቷ ፈጣን ናት።»