የፏፏቴው መዝጊያ

ካሳዬ ጎንደር ላይ ቱሪስት ባስጎበኘበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን «አላውቅም» ብሎ አያውቅም። ፈረንጁ የፈለገውን ግንብ፣ የፈለገውን ቀዳዳ ይጠይቀው፣ መልሱ ከአፉ ዱብ ይላል። ስለ ቀዳዳው ምንም የማይታወቅ ከሆነ የንጉሡ ድመት መውጫ ይሆናል። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ የዚያ ድመት ነገር ዛሬም በስንቱ ፈረንጅ ቤት እንደ ታሪክ ይወራ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ሰው አሁን ፈረንጅ አገር፣ ብሩክሊን ሴንተር ባለች አንዲት ትንሽ ማሠልጠኛ ውስጥ ለቱሪዝም ተማሪዎች ሂሳዊ አስተሳሰብና ተግባቦት ያስተምራል ሲባል ቀልድ ይመስላል። ግን ውሸትን ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል? የማስተማሪያ ዘዴውም ያው ውሸት ነበር። በየክፍለ ጊዜው ዓይኑን በጨው አጥቦ አንድ ነገር ይቀጥፋል፤ ተማሪዎቹ «ምን ማስረጃ አለዎት?» ብለው ያፋጥጡታል። መጀመሪያ ሰሞን ያለውን ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይጽፉለት ነበር። በስንት ልመና ነው አፋቸው የተፈታው። አሁንማ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዱት ሽበታሙ ኦቦ ቃልቤሳ እንኳ ከሥራ እንደ ወጡ መጥተው ይሟገቱታል። ዘማሪዋ ፀጋ «ከየት አመጡት?» ትለዋለች። ከሜፕልዉድ ከተማ የምትመጣው ዱረቲ የምትባል ልጅ ደግሞ አንዴ ከያዘች አትለቅም። ካሳዬ ሲያፋጥጡት አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

ነገሩ የተበላሸው አዲሷ ኃላፊ ስትመጣ ነው። ሶሊያና እዚሁ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት፤ አማርኛዋ ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ ትሞላዋለች።

«ጋሽ ካሳዬ፣ ቅዳሜ መጥቼ ኦብዘርቭ አደርጋለሁ» አለችው። «ስቱደንቶቹ ኩዌስችን ሲጠይቁ ካላየሁ ክላሱን ክሎዝ ማድረጌ ነው።»

ካሳዬ ደነገጠ። ሥራማ አያጣም፤ መጋዘኑ ምንጊዜም ሰው ይፈልጋል። ግን ያቺን ክላስ ይወዳታል። በዕድሜው ሙሉ ሳይዋሽ የሠራው ነገር ቢኖር፣ እየዋሸ የሚያስተምርባት እሷው ብቻ ናት። ለተማሪዎቹ ግን ክላሱ ሊዘጋ እንደሚችል አልነገራቸውም። «ቅዳሜ እንግዳ ይመጣል፣ እንደ ሁልጊዜው ሁኑ» ብቻ አላቸው። እንግዳ የሚለውን ቃል ባይጠቀም ኖሮ ምን ነበረበት!

ቅዳሜ ሚኒሃሃ ፏፏቴ አጠገብ ተሰበሰቡ። ሶሊያና ታብሌቷን ይዛ ከኋላ ቆመች። ካሳዬ ጉሮሮውን ጠራረገና ጀመረ።

«ይህን ፏፏቴ ከተማው ማታ ማታ ይዘጋዋል። ጠዋት ይከፍተዋል።»

ብሎ ጠበቀ። ዱረቲ በአክብሮት አንገቷን ነቀነቀች። ሌላ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ምናልባት ውሸቱ አንሶ ይሆናል አለ በሆዱ። «ውሃው የሚመጣው ከናያግራ ነው። በቧንቧ።»

«ይገርማል!» አለች ፀጋ።

ድምፁን ከፍ አደረገ። «ንግሥተ ሳባ ወደ ኢየሩሳሌም ስትሄድ እግሯን የታጠበችው እዚህ ነው!»

«አሜን!» አለች ፀጋ።

ካሳዬ አፈጠጠባቸው፣ ጠቀሳቸው፣ አሳለ። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ ያዩት በሌላ ዓይን ነው። ጋሽ ካሳዬ እንግዳ ፊት ደንግጦ እየቀባጠረ ነው፤ መሸፈን አለበት። ኦቦ ቃልቤሳ አላስቻላቸውም። ወደ ሶሊያና ዞረው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«መዝጊያውንማ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ። «ትልቅ ነው። ቀይ።»

«እሺ» አለች ሶሊያና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ካሳዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ሶሊያና ታብሌቷን አጠፋች። «ሶሪ፣ ጋሽ ካሳዬ። አንድ ሰው እንኳ ኩዌስችን አልጠየቀም። ክላሱን ክሎዝ ማድረግ አለብኝ።»

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ።

«የምን ክሎዝ?» አለች ዱረቲ። «አንድ ቀን አይተሽን ነው?»

«ዝም ያለ ሁሉ አያስብም ያለሽ ማነው?» አለች ፀጋ። «ከየት አመጣሽው?»

«ከሌላ ክላስ ጋር ኮምፔር አድርገሻል?» አለች ዱረቲ መልሳ።

ሶሊያና ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ውሸት መሆኑን ካወቃችሁ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እንግዳ ፊት አስተማሪያችንን እናዋርደው እንዴ!» አለች ፀጋ።

«ፕሮብለሙ እኮ ይሄ ነው! ክሪቲካል ቲንኪንግ ማለት ማንም ይሁን ማን መጠየቅ ነው።»

ዱረቲ ወደ እሷ ቀረብ አለች። «ኦቦ ቃልቤሳ ቀይ መዝጊያ አየሁ ሲሉሽ አመንሻቸው?»

«ኖ! እንዴት አምናለሁ?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

ሶሊያና የኦቦ ቃልቤሳን ሽበት አየች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ከዚያ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል፣ ከእናቷ እንደ ሰማችው አድርጋ፣ «ትልቅ ሰው ናቸው። እንዴት ብዬ?» አለች።

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ቃልቤሳ ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኔም ምንም አላየሁም፣ ልጄ። ሰውዬው አሳዝኖኝ ነው።»

ሶሊያናም ሳቀች፤ ግን ቶሎ ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ካሳዬ ዞረች። «እሺ። ክላሱን ብተወው፣ ሌላ ቀን እንግዳ ሲመጣ ይጠይቁዎታል?»

ካሳዬ የሚያድነው መልስ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። «እንዴታ!» ማለት ብቻ ነው፤ በድፍረት፣ ደረት ነፍቶ፣ እንደ ጎንደሩ ዘመን። ተማሪዎቹን አያቸው። ፈራ፤ ክላሷን ማጣት ፈራ። ግን እነሱ ፊት ያንን ውሸት መዋሸት አስጠላው።

«አላውቅም» አለ።

ቃሉ እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱን ገረመው። ሶሊያና ምን ልትመልስ እንደሆነ ለመስማት ጊዜ አልነበረም፤ ዱረቲ እንግዳዋን ገፋ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች፣ ጣቷን ካሳዬ አፍንጫ ሥር ቀሰረች።

«አላውቅም ያሉት ውሸት ነው፣ ጋሼ» አለችው። «ምን ማስረጃ አለዎት?»